«ስድስት ጓደኛ አለኝ» ያለው ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ወንድ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቱ። ታናሽ እህቱ ስድስት ዓመቷ ነው።

ልጄ ጭንቅላቱ ፈጣን ነው። ማንም ሳያስተምረው በአራት ዓመቱ ባጃጅ ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ ሁሉ ያነብ ነበር። አሁን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ድልድይ ሆኗል። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲሠራ አባቱ እየወሰደ ያሳየው ስለነበር ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር መሆኑን ለመንገደኛው ሁሉ ይናገራል። አንድ ቦታ አይቀመጥም። ክፍል ውስጥ ድንገት ይነሳል፣ ሳይጠየቅ ይመልሳል፣ ደብተሩን ጥሎ ይመጣል። ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን ይይዛል። ዘመድ ሊስመው ሲጠጋ ይሸሻል። አምና አዲስ አበባ እህቴ ጋ ይዤው ሄጄ ተመረመረና ኦቲዝምም፣ ትኩረትና እርጋታ የሚነሳው ኤዲኤችዲ የሚባለውም አለበት ተባልኩ። ሐኪሙ «ሶሻል ስኪል ላይ፣ ከሰው ጋር መግባባቱ ላይ ሥሩ» አሉኝ። የት? ከማን ጋር? አልነገሩኝም።

ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ልወስደው ሄድኩ። አምስት ስድስት ልጆች ከበውት «ድልድይ! ስንት ሜትር?» ይሉታል። «380!» ብሎ ይጮሃል። ይስቃሉ። ደግመው ይጠይቁታል። ደግሞ ይመልሳል። አንዱ የምሳ ዕቃውን ከፍቶ ዳቦውን ይበላል። መንገድ ላይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እማ፣ ዛሬ ስድስት ጓደኛ አለኝ። ድልድይ ይሉኛል።» ባጃጅ ውስጥ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ።

እህቴ «እኔ ጋ ላኪው፤ እዚህ ማዕከል አለ፣ አስገባዋለሁ» ትላለች። ባለቤቴ በጀልባ ሰው ወደ ዘጌ የሚያመላልስ ነው፤ ሥራ ካለ ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ነው የሚውለው። «ልጄን ለማንም አልሰጥም፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። አማቴ ከጸበል ሌላ አያስፈልገውም ባይ ናቸው። እኔ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። ልላከው? ወይስ እዚሁ የሚረዳው አገኛለሁ? ለመሆኑ ጓደኛ ማፍራት እንደ ሒሳብ በትምህርት ይገኛል?

እናቱ፣ ከባሕር ዳር


እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ዳቦው ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ሆዴ ባባ። አንጀቴን የበላው የዳቦው መወሰድ ብቻ አይደለም። ዳቦው ሲበላ እያየ ልጅሽ ጓደኞቹን መቁጠሩ ነው።

ግን እስኪ ቃሉን መልሰን እንስማው። «ስድስት ጓደኛ አለኝ» ነው ያለሽ። ብዙ ሰው ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሰው አይፈልግም፣ ብቻውን መሆን ነው የሚወደው ይላል። ልጅሽ ይፈልጋል። የድልድዩን ሜትር እንደሚቆጥር ጓደኞቹንም ቆጥሯቸዋል። ያቃተው ማን እየሳቀለት፣ ማን እየሳቀበት እንደሆነ መለየት ነው። እኛ በአንዲት ፊደል እንለየዋለን፤ ያቺ ፊደል ለእሱ አትሰማውም። ይህ ደግሞ ሊማሩት የሚቻል ነገር ነው። ስለዚህ ለመጨረሻ ጥያቄሽ መልሴ አዎ ነው፤ በትምህርት ይገኛል። ከሒሳብ ይልቅ ግን ዋና ከመማር ጋር ይመሳሰላል። ውሃው ውስጥ ገብቶ ነው የሚለመደው።

ስለመላኩ ልቤ ያለውን በግልጽ ልንገርሽ። አትላኪው።

እህትሽ በክፋት እንዳላለችው አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጆይ እና ነህምያ ያሉ የኦቲዝም ማዕከላት መኖራቸውም እውነት ነው። ጆይን በ2002 (እ.ኤ.አ.) የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እንዳንቺው ግራ የገባቸው እናት ነበሩ። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ ራሳቸው ከፈቱት። ነፍሳቸውን ይማርና በ2021 (እ.ኤ.አ.) አረፉ። እሳቸው በአደባባይ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ባይሉ ኖሮ ቃሉ ራሱ ሽምብጥ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅ እንደነበር እንጃ።

ግን ልጅሽ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጫጫታ የሚከብደው፣ የለመደው ነገር ሲለወጥ የሚረበሽ ልጅ ነው። እናቱን፣ አባቱን፣ እህቱን፣ ሐይቁን በአንድ ቀን ብናሳጣው የቱ ማዕከል ይመልስለታል? ሌላም ነገር አለ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አንድ ቦታ የተማሩትን ሌላ ቦታ ወስደው መጠቀም ብዙ ጊዜ ይከብዳቸዋል። አዲስ አበባ አንድ ክፍል ውስጥ «እኔም ልግባ?» ማለትን ቢለምድ፣ እዚህ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ላይለው ይችላል። ጓደኛ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ትምህርቱም እዚሁ ቢሆን እመርጣለሁ።

የእህትሽን ቤት በሌላ መንገድ እንጠቀምበት። ትምህርት ሲዘጋ፣ መንገዱም ሰላም ሲሆን፣ አብራችሁ ሂዱና ሁለት ሦስት ሳምንት ተቀመጡ። ማዕከል ስትሄጂ «ልጄን ተቀበሉልኝ» ከማለትሽ በፊት «እኔን አሠልጥኑኝ» በያቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ አገራችን ውስጥም ተሞክሯል። ዘጠኝ ጊዜ በቡድን፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ አሠልጣኙ ቤት ድረስ እየመጣ የሚሰጥ ነው። የተዘጋጀው ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ስለሆነ የልጅሽ ዕድሜ ጫፉ ላይ ነው፤ አትዘግዪ። እንግሊዝኛ ካላስቸገረሽ በኢንተርኔትም በነጻ ይገኛል፤ ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ልታይው ትችያለሽ።

ሁለቱ ነገሮች አብረው መምጣታቸው አያስደንግጥሽ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ኤዲኤችዲም አለበት። እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሐኪሞች የሚከተሉት የአሜሪካኖቹ መመሪያ ሁለቱን ስም ለአንድ ልጅ መስጠት አይፈቅድም ነበር። ለዚህም ነው አንዳንድ ባለሙያ ዛሬም «አንዱ ነው እንጂ ሁለቱም አይሆንም» የሚልሽ። ላንቺ ጥቅሙ ይህ ነው፦ ኦቲዝሙ የጨዋታውን ሕግ ይሸሽግበታል፤ ኤዲኤችዲው ደግሞ ሕጉን ካወቀ በኋላም አላስጠብቅ ይለዋል። ስለዚህ እኛ ሳይነገረን የገባንን ነገር ለእሱ በቃል መንገር አለብሽ። ከተነገረው በኋላ ደግሞ ቁጭ ብሎ ሳይሆን እየተንቀሳቀሰ፣ በአጭር በአጭሩ ይለማመደው።

ከቤት እንጀምር። እንቆቅልሽ ትጫወታላችሁ? ካልተጫወታችሁ ዛሬ ማታ ጀምሩ። «እንቆቅልህ» ስትይው «ምን አውቅልሽ» ይልሻል። ካቃተው «አገር ስጠኝ» ትያለሽ፤ ይሰጥሻል። እስኪ አስቢው፣ ማን መቼ ምን እንደሚል አስቀድሞ የታወቀ ወግ ነው። ሌላ ጊዜ ሰው ሲያወራ ልጅሽን ግራ የሚያጋባው መቼ እንደሚገባ አለማወቁ ነው። እዚህ ላይ በሩ የት እንዳለ ያውቃል። ሲለምደው እህቱን ጨምሪ፤ ተራው ሦስት ይሆናል። ከዚያ አያቱን ጨምሪ።

ገበጣም እንዲሁ። ልጅሽ ቁጥር ይወዳል። ገበጣ ላይ ደግሞ ተራ መጠበቅ በዓይን ይታያል። የእህቱ እጅ ላይ ያለው ጠጠር አልቆ ባዶ ጉድጓድ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ተራው የእሷ ነው። «ትንሽ ታገስ» የሚባለው ነገር ስንት እንደሆነ ለማያውቅ ልጅ፣ እጇ ላይ የቀሩ አራት ጠጠሮች ግልጽ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሰሌዳውን ሊገለብጠው ይችላል። አትቆጪው። ሁለት ዙር ብቻ ተጫውታችሁ አቁሙ።

ቡና ስታፈዪ ቆሎውን እሱ ያዙር። እንግዳ ፊት ይቆማል፣ «ይዝገኑ» ይላል፣ እንግዳው ዘግኖ ያመሰግነዋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሦስት ሰው ብቻ። ከዚያ ከፈለገ ወደ ክፍሉ ይሂድ፤ «ተቀመጥና ተጫወት» አትበይው። አንዲት ቃል፣ ሦስት ሰው፣ በሰላም መውጣት። ይህቺ ስትደጋገም ሥራ ትሠራለች።

መሳምን ግን ተዪው። ዘመድ ሁሉ አገጩን ይዞ ይሳመው የሚል ሕግ የለም። ከመምጣታቸው በፊት «እሱ በእጅ ነው ሰላም የሚለው» በያቸው። ይቀየማሉ? ይቀየሙ፤ ይለምዱታል። ዓይን ለዓይን ካላየ ብለሽም አታስጨንቂው። ብዙ የውጭ ጽሑፍ ይህን እንደ ትልቅ ግብ ያስቀምጠዋል። እኛ አዋቂ ፊት ማፍጠጥ ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን! ፊቱን ወደሚያወራው ሰው ካዞረ ይበቃል። ጆሮውን ሲይዝም እጁን አታውርጂ። ዓላማችን ሌላ ልጅ መስሎ እንዲታይ ማድረግ አይደለም። እሱ እንደሆነው ሆኖ አንድ ሰው እንዲያገኝ ነው።

አንድ ሰው ያልኩት አውቄ ነው። ስድስት አይደለም። አንድ ልጅ ፈልጊ። ከሰፈር ወይም ከክፍሉ፣ የሠፈሩን አለቃ ሳይሆን ዝም ያለውን፣ በእጁ ነገር መሥራት የሚወደውን። ከእሱ በዓመት ቢያንስም ግድ የለም። እናቱን ቡና ጠርተሽ እንዲህ በያት፦ «ልጄ ድልድይ መሥራት ይወዳል፤ ከልጅሽ ጋር ቅዳሜ ቢሠሩ ደስ ይለኛል። ተራ መጠበቅ ትንሽ ይቸግረዋል፤ እኔ አጠገባቸው ነኝ።» ስለ በሽታ ማውራት አይጠበቅብሽም። መደበቅም አይጠበቅብሽም። ከጠየቀችሽ ትነግሪያታለሽ።

ከዚያ ካርቶን፣ ሙጫ፣ ገመድ፣ የእንጨት ስንጥር፣ ያገኘሽውን አቅርቢ። ዳንኤል ለጎፍ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ። ሊታከሙ የመጡ ሁለት ልጆች መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሌጎ በሚባለው የሚገጣጠም መጫወቻ አብረው ሲጫወቱ አይቶ፣ ከእሱ ተነስቶ አንድ ዘዴ አወጣ። አንዱ ልጅ መሐንዲስ ይሆናል፤ ሥዕሉን እያየ ይናገራል። ሌላው ዕቃ አቅራቢ ነው፤ የተባለውን ፈልጎ ይሰጣል። ሦስተኛው ይገጥማል። ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። ሌጎ የግድ አይደለም። ባንቺ ቤት ሦስተኛዋ እህቱ ትሆናለች። ልጅሽ መጀመሪያ ላይ መሐንዲስነቱን ብቻ እንደሚፈልግ ካሁኑ ልንገርሽ። ሰዓት አስቀምጪ፤ በየአሥር ደቂቃው ይቀያየሩ። ቀጣዩ ማን እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለጥፊው። እሱ ከቃል ይልቅ የተጻፈውን ያምናል፤ የባጃጅ ጥቅስ አንባቢ አይደል?

ጠቅላላው ከአርባ አምስት ደቂቃ አይለፍ። ጨዋታው ገና ጥሞ ሳለ አቁሙት። እናቶች ሁላችን እዚህ ላይ እንሳሳታለን፤ ጥሩ ሲሆን «ትንሽ ይጨምሩ» እንላለን፣ ከዚያ በልቅሶ ያልቃል። ልጆቹ የሚያስታውሱት ደግሞ መጨረሻውን ነው።

ለትምህርት ቤቱ ሜዳ አጭር ታሪክ ጻፊለት። በትልልቅ ፊደል፣ በእሱ አፍ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለበት ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦

«በእረፍት ሰዓት ልጆች ይጫወታሉ። እኔም መጫወት ስፈልግ አጠገባቸው እቆማለሁ። ኳሱ እስኪቆም አያለሁ። ከዚያ ‹እኔም ልግባ?› እላለሁ። አንዳንዴ ‹እሺ› ይላሉ። አንዳንዴ ‹ሞልቷል› ይላሉ። ‹ሞልቷል› ካሉኝ ወደ ዛፉ ሄጄ መጽሐፌን አነባለሁ። ነገ ደግሞ እጠይቃለሁ።»

«ሞልቷል» የሚለውን አትዝለዪው። የሚሆነውን ብቻ ጽፈን የማይሆነውን ከደበቅነው፣ መጀመሪያ እንቢ ያሉት ቀን ታሪኩን ሁሉ ውሸት ያደርገዋል። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ አንብቡት። ከዚያ ውጭ አስተያየት አትጨምሪበት።

ቀበሌ 14 የማውቃት አንዲት እናት አለች። ልጇ ኳስ ውስጥ ሲገባ ሁልጊዜ ጠብ ይነሳል። ጠመኔ ሰጠችውና ጎል መዝጋቢ አደረገችው። ግድግዳው ላይ ይጽፋል፣ አያሳስትም፣ አያዳላም። ዛሬም ኳስ አይነካም። ግን የቀረ ቀን ልጆቹ «የት ሄደ?» ብለው ቤቷ ድረስ ይመጣሉ። እኔ ይህን ጓደኝነት እለዋለሁ።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ። ዳቦው ነገ ይቁም፤ ይህ ለሳምንት የሚያድር ነገር አይደለም። መምህሩን ብቻቸውን አግኝተሽ ያየሽውን ልክ እዚህ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው። ልጆቹን ሰልፍ ላይ እንዳይቆጡ ግን ለምኛቸው፤ በማግስቱ ዕዳው ልጅሽ ላይ ይመለሳል። ቅጽል ስሙን በተመለከተ እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ልጅሽ ስሙን ይወደዋል። ጠይቂው። ከወደደው ስሙ ይቆይና አጨዋወቱ ይለወጥ። መምህሩ አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ሰጥተውት ሰሌዳ ላይ ድልድዩን ቢያስረዳስ? ያን ጊዜ ጥያቄው ከክፍሉ የሚመጣ እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል። መጋቢት 24 የዓለም ኦቲዝም ቀን ነው፤ ትምህርት ቤቱ ምክንያት ከፈለገ ቀኑ አለለት።

ሌሎቹ ልጆችም ይማሩ የምልሽ በምክንያት ነው። ራሱ ኦቲዝም ያለበት ዴሚያን ሚልተን የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር በ2012 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ነገር አለ። አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ነው ይላል፤ እነሱ እኛን እንደማይረዱን እኛም እነሱን አንረዳም። ታዲያ ልምምዱን ሁሉ በአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ መጫን ልክ ይሆናል?

ከመምህሩ ሦስት ነገር ጠይቂ። ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡት። ደብተር ማደልን የመሰለ የሚያስነሳው ሥራ ይስጡት፤ መነሳቱ ካልቀረ በፈቃድ ይሁን። በእረፍት ሰዓት ደግሞ አንድ ረጋ ያለ ልጅ አጠገቡ እንዲውል ይመድቡለት። ክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለው ስለማውቅ ከዚህ በላይ አልጠይቃቸውም።

የ«ሳቀለት»ን «ለ» እና የ«ሳቀበት»ን «በ» ማስተማሩ ያንቺና የአባቱ ነው። ማታ በእርጋታ ጠይቂው፦ ተራ ሰጡህ? ያንተን ነገር ሲወስዱ ጠየቁህ? ስትሄድ ጠሩህ? ሦስቱን በጣቱ ይቁጠር። ሁሉም «አይ» ሲሆን «ጓደኛ አይደሉም» ብለሽ አትፍረጂ። «እንግዲህ እነዚህ ምንድን ናቸው?» ብለሽ ተዪው። መልሱ ያማል፤ ያን ቀን አጠገቡ ሁኚ።

ሕክምናውን በተመለከተ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂጂ። የአዲስ አበባውን ወረቀት ይዘሽ የሕፃናት ሐኪምና የሥነ አእምሮ ክፍሉን አግኚ። ጆሮው በደንብ መስማቱን፣ እንቅልፉን፣ ራሱን የሚስትበት ነገር መኖር አለመኖሩን ያዩልሽ። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ አለኝ የሚልሽን ሰው ሽሺው። ለኤዲኤችዲ ግን የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ። ለልጅሽ ያስፈልገው እንደሆነ፣ እዚህ ይገኝ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። መድኃኒት ጓደኛ አያመጣም። ኳሱ እስኪቆም የመጠበቂያ ትንፋሽ ግን ሊሰጠው ይችላል።

አማትሽን አትጋፊያቸው። ጸበሉን ቢወስዱት ምን ይጎዳል? ሳይያዝ፣ ሳይገደድ፣ ሐኪም ያዘዘው ነገር ካለ ሳይቋረጥ፣ ጫጫታው በማይበዛበት ሰዓት። ይህን ቃል ካስገባሻቸው አብረሻቸው ሂጂ። እሳቸውም በመንገድ ላይ እንቆቅልሽ ይጠይቁት።

ባለቤትሽ «ለማንም አልሰጥም» ሲል እኔ የሰማሁት ፍቅር ነው። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ላይ ግን አልስማማም፤ ያድጋል እንጂ አይተወውም። ይህን ነገር በክርክር አታሸንፊውም። ሥራ ስጪው። ጀልባው ላይ ይውሰደው! ልጅሽ ተሳፋሪ ይቁጠር፣ ላይፍ ጃኬት ያድል፣ «ይሄን ይልበሱ» ይበል። ለእንግዳ ሰው የሚናገረው ጠቃሚ ነገር ይኖረዋል። የሞተሩ ድምጽ ከከበደው ጆሮው ላይ የሚያደርገው ነገር ይያዝለት።

እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምለምንሽ ነገር አለ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆችን ውሃ ይስባቸዋል፤ ለማንም ሳይናገሩም ከቤት ይወጣሉ። እናንተ ደግሞ የምትኖሩት ጣና ዳር ነው። ዋና ይማር፤ የሚያስተምረውም አባቱ ይሁን። ጀልባ ላይ ጃኬቱ ለአንድ ደቂቃ አይውለቅ። ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት ጎረቤቶችና ባለ ሱቆች ብቻውን ካዩት እንዲያቆሙትና እንዲደውሉልሽ ንገሪያቸው። ስልክ ቁጥርሽን በቃሉ ይያዝ፤ ቁጥር አይከብደውም።

የመጨረሻው መንገድ ፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያስተምር ክፍል አለው፤ የሥነ ልቦናም አለው። እዚያ የሚማሩ ወጣቶች ልምምድ ይፈልጋሉ፤ ልጅሽ የሚያጫውተው ይፈልጋል። ብቻሽን አትሂጂ። ሆስፒታሉ ተራ ስትጠብቂ አጠገብሽ የተቀመጠችውን እናት አናግሪያት። ሦስት አራት እናቶች ስትሆኑ ማመልከቻ ጻፉ፦ «ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት፣ ለአምስት ልጆች፣ በመምህር ክትትል የጨዋታ ቡድን እንዲከፈትልን።» የመጀመሪያው ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ይልካችኋል። ሂዱ። አምስት ልጅ፣ አንድ ሰዓት ብላችሁ በቁጥር ስትጠይቁ እንቢ ማለት ይከብዳል። ባይሳካ እንኳ ሦስት እናቶች ተዋውቃችኋል። ያንቺን ሸክም የሚረዳሽ ሰው ባጃጅ ውስጥ ብቻሽን ከማልቀስ ያድንሻል።

ትንሿን ልጅሽንም አስቢያት። ለወንድሟ አስተርጓሚም ጠባቂም እንዳትሆን። በሳምንት አንድ ቀን አንቺና እሷ ብቻችሁን ሐይቁ ዳር ውጡ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሪው። በዚህ ሳምንት መምህሩንና እንቆቅልሹን ብቻ። በሚቀጥለው ለቅዳሜው ጨዋታ የመረጥሽውን ልጅ እናት ቡና ጥሪ። ቅዳሜ የሚመጣው ልጅ ማን እንደሆነ ስታውቂ ጻፊልኝ። የካርቶኑ ድልድይ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነም ልጅሽን ጠይቀሽ ጻፊልኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።